ክፍሉም ያስተምራል፦ የሥዕልና የውዝዋዜ ማስተማሪያ ስፍራዎች ጉብኝት



ዛሬ እዚህ መካኒሳ አቦ ተሰብስበን ስለ ሥነ ጥበብ ትምህርት እንነጋገራለን። ስለ አንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስንጠየቅ ብዙውን ጊዜ የምናነሣው የመምህራኑን ስምና የተመራቂዎቹን ዝና ነው። ስለ መስኮቱ፣ ስለ ወለሉና ስለ ውኃ መውረጃው የሚናገር ጥቂት ነው። ይህ የተዘነጋ ጉዳይ ግን አንድ ቁም ነገር ይገልጥልናል። ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ጥበብ የሰጠውን ክፍል በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው፣ ያን ጥበብ እንደ ዕውቀት ምን ያህል እንደ ተቀበለው ይረዳል።

ጉብኝታችንን በሐሳብ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንጀምር። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የመሠረቱት ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያንም አስተምረውበታል። ሥዕል በአገራችን ከዚያ በፊት በቤተ ክርስቲያን ከመሪጌታና ከሠዓሊ ካህን ሥር ተቀምጦ የሚቀሰም ሙያ ነበረ። በትምህርት ቤቱ መቋቋም ግን የራሱ ክፍል፣ የራሱ ሰዓትና የራሱ ፈተና ያለው ትምህርት ሆነ።

ወደ ሥዕል ክፍል የገባ ጎብኚ አስቀድሞ «ብርሃኑ ከየት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቅ። በአውሮፓ የሠዓሊ ክፍል መስኮት ወደ ሰሜን ይከፈታል። በዚያ አገር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ በሰሜን መስኮት የሚገባው ብርሃን ከጧት እስከ ማታ ብዙ አይለዋወጥም፤ ቀለምም በትክክል ይታያል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ትርቃለች። በመሆኑም ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ከውጭ መጽሐፍ እንዳለ የተቀዳው ደንብ እዚህ የዓመቱን ሲሶ ያህል ይስታል። ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ወይም ስስ ነጭ መጋረጃ ግን ችግሩን ያቃልለዋል።

በኅትመት ሥዕል ክፍል ጥያቄው ይለወጣል። በዚያ የብረት ሰሌዳ በአሲድ እየተበላ ምስል ይወጣበታል። ስለዚህ የአሲዱን ትነት ከተማሪው ፊት የሚስብ ማስወጫና ቅርብ የሆነ ንጹሕ ውኃ ያስፈልጋል። የቅርጻ ቅርጽ ክፍል ደግሞ ከመሬት ጋር የተስተካከለ ሊሆን ይገባዋል፤ ድንጋይና ግንድ በደረጃ አይወጣምና። ከመታጠቢያው በታች ጭቃውን የሚያስቀር ገንዳ ከሌለም ቧንቧው በአጭር ጊዜ ይደፈናል።

አሁን ወደ ውዝዋዜ እንለፍ። ሥዕል በአለ ፈለገ ሰላም፣ ሙዚቃ በቅዱስ ያሬድ ስም የቆመ ትምህርት ቤት አላቸው። ውዝዋዜ በዕድሜ ከእነዚህ ጋር የሚስተካከል ቤት የለውም። ሲያሳድጉት የኖሩት የሠርግና የበዓል አደባባዮች፣ እንዲሁም በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ናቸው። መድረክ ግን የተጠናቀቀውን ሥራ ማሳያ ነው፤ ለመሳሳትና ደጋግሞ ለመሞከር የመማሪያ ክፍል ያሻል።

ያ ክፍል ምን ይፈልጋል? ከሁሉ አስቀድሞ ወለል ይፈልጋል። በጉራጌ ጭፈራ እግር መሬቱን በፍጥነትና በኃይል ይመታል። ሲሚንቶ ያን ምት ሳይቀበል ወደ ጉልበትና ወደ ወገብ ይመልሰዋል። ከሥሩ ክፍተት ያለው፣ በመጠኑ የሚለጠጥ የእንጨት ወለል ግን ምቱን ይጋራል። ለወጣት ተማሪ ልዩነቱ በአንድ ቀን አይታወቅም፤ ከዓመታት በኋላ በመገጣጠሚያው ሕመም ይታወቃል።

ቀጥሎ መስተዋት ይነሣል። የባሌ ዳንስ ክፍል ግድግዳው መስተዋት ነው፤ ተማሪው የራሱን ቅርጽ ከውጭ እያየ ያርማል። እስክስታን የምንማረው ግን ፊት ለፊት ተያይተን፣ የአንዱ ትከሻ ለሌላው ትከሻ እየመለሰ ነው። እንግዲህ የእስክስታ ክፍል መስተዋቱን በመጋረጃ መሸፈን የሚቻልበት፣ በክብ ለመቆም የሚበቃ ስፋት ያለው ቢሆን ይመረጣል። የክፍሉ ቅርጽ የትምህርቱን ዘዴ ይወስናል ማለቴ ይህን ነው።

«ይህ ሁሉ ለድሃ አገር ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ወደዚሁ ወደ መካኒሳ እንመለስ። በ1982 ዓ.ም. ከዚያው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቁት ኤልያስ ስሜ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆነው በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት ዞማ ሙዚየም በዚህ አካባቢ ይገኛል። ግድግዳው የቆመው በጭቃና በጭድ ነው፤ አያቶቻችን በሚያውቁት ጥበብ። ዞማ ዩኒቨርሲቲ ባይሆንም፣ የጥበብ ቤት ከአገር በተገኘ ቁስና ዕውቀት በክብር ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። የእንጨት ወለልም ሆነ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ከአናጢዎቻችን ዐቅም በላይ አይደለም።

ስለዚህ ወደፊት ማናቸውንም ዩኒቨርሲቲ ስትጎበኙ ጫማችሁን አውልቃችሁ ወለሉን እርገጡ፤ በቀትርም በመስኮቱ አጠገብ ቁሙ። ለሥዕል ቤት ከተሠራለት ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለውዝዋዜም ቢያንስ አንድ ደኅና ወለል መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።