ለአሮጌ ሞተር መጋዝ ትልቅ ሲሊንደር ከመግዛታችሁ በፊት

ስልካችሁ ላይ የመለዋወጫ መሸጫ የቴሌግራም ቻናሎችን የምትከታተሉ ከሆነ ማስታወቂያውን ሳታዩት አትቀሩም። አሮጌ ሞተር መጋዝ ወደ 72 ሲሲ ያድጋል ይላል። ሲሊንደር፣ ፒስተን፣ ፋሻና ስፒኖቶ በአንድ ካርቶን ታሽገው ይመጣሉ፤ ፎቶው ላይ ሁሉም ያብረቀርቃል። ዋጋውም ከአዲስ መጋዝ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ባህር ዛፍ እየጣለ ወይም ጣውላ እየሰነጠቀ ለሚኖር ወጣት ይህ ቀላል ፈተና አይደለም።

እኔ የምተዳደረው ትንንሽ ሞተሮችን በመጠገን ነው። የውሃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ ሞተር መጋዝ፣ የመጣውን ሁሉ እፈታለሁ። "ሲሊንደር ልቀይርለት ወይ?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፦ "በየት በኩል ሊተነፍስ ነው?" ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። ዛሬ ይህችን ጥያቄ ላብራራት።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በምሳሌ እንየው። ሁስክቫርና 61፣ 268 እና 272 የሚባሉት የድሮ መጋዞች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የታችኛው የሞተር አካላቸው ይመሳሰላል፤ በሦስቱም ላይ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት 34 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለያዩት በሲሊንደሩ ስፋት ነው። የ61 ሲሊንደር 48 ሚሊ ሜትር፣ የ268 ደግሞ 50፣ የ272 ደግሞ 52 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የ61ን ሲሊንደር አንስቶ የ272 መግጠም በዓለም ዙሪያ የታወቀ ማሻሻያ ነው።

ሒሳቡን ራሳችሁ በስልካችሁ ሥሩት። የስፋቱን ግማሽ በራሱ አባዙ፣ በ3.14 አባዙ፣ ከዚያ በ34 ሚሊ ሜትሩ አባዙ። ለ48ቱ 61.5 ሲሲ፣ ለ52ቱ 72.2 ሲሲ ገደማ ይመጣል። በ4 ሚሊ ሜትር ስፋት ብቻ ሞተሩ በ17 በመቶ አደገ ማለት ነው።

አሁን ቁጥሩን በሌላ በኩል አንብቡት። ሞተሩ በደቂቃ 9,000 ዙር ሲዞር፣ በሰከንድ 150 ጊዜ ይተነፍሳል። ትንሹ ሲሊንደር በሰከንድ እስከ 9.2 ሊትር፣ ትልቁ እስከ 10.8 ሊትር ድረስ ለመሳብ ይሞክራል። ይህ ሁሉ አየርና ቤንዚን የሚያልፈው ከአውራ ጣት በማይሰፋ ቀዳዳ ነው። ሳንባውን አሳድጋችሁ ጉሮሮውን ካልነካችሁ ምን ይሆናል? ጉዳዩ ይኼው ነው።

መንገዱን እንከተለው

ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ክፍል ይሰፋና አየር ይስባል። አየሩ በፊልትሮ ይገባል፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን ይቀላቀለዋል፤ ከዚያ ካርቡሬተሩንና ሲሊንደሩን በሚያገናኘው አንገት አልፎ በሲሊንደሩ መግቢያ አፍ ይገባል። አንገቱ እንደ ሞዴሉ ጎማ ወይም ፕላስቲክ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ ደግሞ ያንን ድብልቅ በጎን መተላለፊያዎች ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ተቃጥሎ በማርሚታው ይወጣል።

ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የማያያት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። የሞተር መጋዝ ካርቡሬተር በጎን ሲጋደምም፣ ሲገለበጥም መሥራት ስላለበት ቤንዚን በራሱ ክብደት አይወርድለትም። ውስጡ ያለች ስስ ሽፋን ትርገበገብና ቤንዚኑን ትስባለች። የሚያርገበግባት ከታችኛው የሞተር ክፍል የሚመጣው የግፊት ምት ነው። ምቱ የሚደርሳት በአንዳንድ መጋዞች ላይ በቀጭን ቱቦ፣ በሌሎች ላይ በአንገቱና በጓርኒሲዮኑ ውስጥ በተበሳች ቀዳዳ ነው። ያቺ ቀዳዳ ከተደፈነች ቤንዚን የለም።

አራት ዓይነት አለመግጠም

አንደኛው የመጠን ነው። የሲሊንደሩ አፍ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ሲሆን አየሩ መገናኛው ላይ እርከን ያገኝና ይንገላታል። ካርቡሬተሩም ትንሽ ከሆነ ሞተሩ ከላይ ይታፈናል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ትንሽ ካርቡሬተር በትክክል እስከተስተካከለ ድረስ ሞተር አይገድልም። የከፈላችሁበትን ጉልበት ነው የሚቀማችሁ። በተቃራኒው ከልክ ያለፈ ሰፊ ካርቡሬተር ብትገጥሙ በዝቅተኛ ዙር አየሩ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ቤንዚን በደንብ አይስብም፤ መጋዙ ስሎ ላይ ይንገዳገዳል፣ ጋዝ ስትሰጡት ይሞታል።

ሁለተኛው የመታሸግ ነው፤ ገዳዩ ይኼ ነው። የአንገቱ ፊት የሲሊንደሩን ፊት ሙሉ በሙሉ ካልሸፈነ፣ ወይም የቡሎኖቹ ቀዳዳ ትንሽ ተዛንፎ በግድ ከተሳበ፣ ከካርቡሬተሩ በኋላ አየር ይሰርቃል። ያ አየር ቤንዚን አልያዘም፤ ዘይትም አልያዘም። በዚህ ሞተር ላይ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ይግላልም፣ ይደርቃልም።

ሦስተኛው የምት ቀዳዳዋ ነው። አዲሱ ሲሊንደር ላይ ቦታዋ ከተለየ ወይም ጓርኒሲዮኑ ግማሽ ከሸፈናት መጋዙ ይነሳል፣ ስሎ ላይ ደህና ይሠራል፤ ግንድ ውስጥ ገብቶ ጋዙ ሲሞላ ግን ቤንዚን ያጥረዋል። ሰውየው የካርቡሬተር ችግር መስሎት ስክሩን ሲያዞር ይውላል።

አራተኛው የሙቀት ነው። አንገቱ ጎማ ወይም ፕላስቲክ የሆነው በርካሽ ለመሥራት ብቻ አይደለም፤ የሲሊንደሩ ሙቀት ወደ ካርቡሬተሩ እንዳይሄድ ይከላከላል። በቶርኖ ቤት ከብረት ወይም ከአልሙኒየም አስቀርጸው የሚገጥሙ አሉ። ካርቡሬተሩ ይግልና ቤንዚኑ ውስጡ ይፈላል፤ መጋዙ ለምሳ ጠፍቶ ቆይቶ አልነሳም ይላል።

ከወልቂጤ በኩል የመጣው ልጅ

አንድ ጊዜ ከወልቂጤ በኩል አንድ ወጣት መጋዙን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። ባህር ዛፍ ቆርጦ የሚያስረክብበት ውል አለው፤ ሁለት የቀን ሠራተኞች ቆመው ይጠብቁታል። ትልቁን ሲሊንደር የገዛው በእቁብ ብር ነው። ከገጠመው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሞተሩ ነከሰ።

"ጋሼ፣ ዕቃው ፎርጅድ ነው፤ በላኝ" አለኝ።

ፈታነው። ፒስተኑ በማርሚታው በኩል ባለው ጎኑ ተልጧል። ያ ጎን ከሁሉም በላይ የሚግለው ስለሆነ፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር መጀመሪያ የሚላጠው እዚያ ነው። ሲሊንደሩ ራሱ ምንም አልነበረበትም። አንገቱን ሳወጣው ግን ነገሩ ገባኝ። የድሮው አንገት የአዲሱን ሲሊንደር አፍ አይሸፍንም፤ ክፍተቱን የዘጋው ሰው ከከመነዳሪ ቆርጦ ጓርኒሲዮን ሠርቶለታል። ከመነዳሪ ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። አብጦ የምት ቀዳዳዋን ግማሽ ዘግቷታል፤ በሌላ በኩል ተቀዶ አየር ያስገባል።

"ታዲያ አንገቱ አብሮ ይመጣል ብሎ የነገረኝ አለ እንዴ?" አለ ልጁ። እውነቱን ነው፤ የሚነግር የለም። ካርቶኑ ላይ ያለው የሲሊንደሩ ስፋት ብቻ ነው። ከተጣለ መጋዝ ላይ የሚገጥመውን አንገት ከነጓርኒሲዮኑ አገኘንለት፤ ፒስተንና ፋሻ ግን ድጋሚ መግዛት ነበረበት። ያ ሁሉ የሆነው ከካርቶኑ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ በማይባል ዕቃ ምክንያት ነው። ተራ ሲሊኮን ቀብቶ መዝጋትም መፍትሔ አይሆንም፤ እሱንም ቤንዚን ያፈርሰዋል።

አዲስ አበባ ተስተካክሎ ጋምቤላ ሲሠራ

ዕቃው ሁሉ ገጥሞ እንኳን ሥራው አላለቀም። የእኛ አገር መልክዓ ምድር የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ባህር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ጋምቤላ ከተማ ደግሞ ከ600 ሜትር በታች ናት። እዚህ በሳሳ አየር ቤንዚኑ ተቀንሶ የተስተካከለ መጋዝ ቆላ ሲወርድ ወፍራም አየር ይስባል፤ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። አነሰው ማለት ነው። አዲስ ፋሻ የገባለት ሞተር እንዲህ ሆኖ ግንድ ውስጥ ቢገባ ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ መጋዙ የመጨረሻ ማስተካከያውን ማግኘት ያለበት በሚሠራበት ቦታ ነው።

ካርቡሬተሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ስክሮች አሉ። ኤል የዝቅተኛ ዙር፣ ኤች የከፍተኛ ዙር ቤንዚን፣ ሦስተኛው የስሎ ናቸው። ኤችን በካቻቢቴ ወደ ቀኝ ስታዞሩ ቤንዚን ትቀንሳላችሁ፤ ድምፁ ይቀጥናል፣ መጋዙ የጎበዘ ይመስላል። ወጣቶችን የሚያታልለው ያ ድምፅ ነው። ትክክለኛው ማስተካከያ ጋዙን ሞልታችሁ ያለ ሥራ ስትይዙት ትንሽ የሚንተከተክ፣ ግንድ ሲነካ ግን ጥርት የሚል ድምፅ ነው።

እዚህ ላይ ስልካችሁ ይጠቅማችኋል። የድምፅ ድግግሞሽ የሚያሳይ ነፃ መተግበሪያ አውርዱ። ባለ አንድ ሲሊንደር ሁለት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ስለሚተኩስ ዋናውን ድግግሞሽ በ60 ስታባዙ የደቂቃ ዙሩን ታገኛላችሁ። 200 ኸርዝ ካሳየ 12,000 ዙር ነው። የሞዴላችሁ መመሪያ ከፈቀደው ዙር በላይ ከሆነ ኤችን ወደ ግራ መልሱት።

አየር የሚሰርቅ ሞተርም ምልክት ይሰጣል። ጋዝ ስትለቁ ዙሩ ቶሎ አይወርድም፤ መጋዙን በጎን ስታጋድሙት የስሎው ድምፅ ይለወጣል። ይህን ካያችሁ በስክሩ አትሸፍኑት፤ አጥፉት። ጥሩ ጥገና ቤት መግቢያውንና መውጫውን ዘግቶ በእጅ ፓምፕ 0.5 ባር ገደማ ግፊት ይሰጠውና ሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳ አለው። ከዚያ በኋላ በሳቢ ፓምፕም ይፈትነዋል፤ በግፊት የማይታይ አንዳንድ ክፍተት በመሳብ ይታያልና።

ዘይቱንም በዓይን ግምት አትቀላቅሉ። ጥራት ያለው የሁለት ምት ዘይት ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ተራ የሁለት ምት ዘይት ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር ነው። የመርፌ ስሪንጅ ይበቃችኋል።

ብር ከመላካችሁ በፊት

መጀመሪያ የራሳችሁን መጋዝ ፍቱና ፎቶ አንሱ። የአንገቱን ፊት፣ የሲሊንደሩን አፍ፣ የቡሎኖቹን ርቀት፣ የምት ቀዳዳዋን ቦታ። ከጎኑ ማስመሪያ ወይም ካሊፐር አድርጉ፤ ያለ መለኪያ የተነሳ ፎቶ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ካርቡሬተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን የአምራች ስምና ቁጥር በቅርበት አንሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዋልብሮ፣ ቲሎትሰን ወይም ዛማ ይላል። በዚያ ቁጥር የውስጡን ስፋት ኢንተርኔት ላይ ማግኘት ይቻላል። የስፒኖቶውንና የኩሽኔታውን ውፍረትም ለኩ፤ አዲሱ ፒስተን በድሮው ላይ የማይገባ ከሆነ አስቀድማችሁ እወቁት።

ከዚያ ሻጩን የአዲሱን ሲሊንደር መግቢያ አፍ በካሊፐር ለክቶ ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። አንገቱና ጓርኒሲዮኑ አብረው እንዳሉ ጠይቁት። ከሌሉ ለብቻቸው ስንት እንደሆኑ፣ ትልቅ ካርቡሬተር ካስፈለገም እሱ ስንት እንደሆነ ደምሩ። ድምሩ ከበዛባችሁ የድሮውን 61 በአዲስ ፋሻ፣ በአዲስ አንገትና በንጹሕ ፊልትሮ ማደስ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በደንብ የታሸገ 61 አየር ከሚሰርቅ 72 የበለጠ ግንድ ይጥላል፤ ነገም ይነሳል።

ሻጩ ግን ለዚህ ሁሉ ጥያቄ "አይዞህ፣ ይገጥማል" ብቻ ካላችሁ ብሩን ለጊዜው ኪሳችሁ አቆዩት።