ስኔሩ ከሞጁሉ ጋር ይግባባል?

የኤሌክትሮኒክ ድራምን ስኔር ፓድ ብቻውን ቢመቱት ከታፈነ ደብ ደብታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው ጥርት ያለ የስኔር ድምፅ ያለው ከጎኑ በተሰቀለችው ትንሽ ሳጥን፣ በሞጁሉ ውስጥ ነው። የፓዱ ሥራ የት እንደተመታና ምን ያህል እንደተመታ በኤሌክትሪክ ምልክት ማሳወቅ ብቻ ነው። ሞጁሉ ያንን ምልክት ካላወቀው የፓዱ ስፋት፣ ውበትና ዋጋ ምንም አይፈይድም። ስለዚህ አዲስ ስኔር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማገላበጥ ያለበት የሱቅ ካታሎግ ሳይሆን ቤቱ ያለውን የሞጁሉን መመሪያ ነው።

ካልጋሪ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከብዙ ሐበሻ ድራም መቺ ጋር ይያያዛል። በከተማው ያለው መኖሪያ ቤት አብዛኛው በእንጨት አጽም የቆመ ነው፤ ምድር ቤት ተከራይቶ የሚኖረውም ብዙ ነው፤ ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ልምምዱ ሁሉ ቤት ውስጥ ይሆናል። የከተማው ደንብ ደግሞ በሥራ ቀናት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ጎረቤትን የሚረብሽ ድምፅ አይፈቅድም። ከሥራ መልስ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ መለማመድ የሚፈልግ ሰው ያለው አማራጭ የጆሮ ማዳመጫ ነው። በዚህ ላይ አዳራሽ ተከራይተው የሚያመልኩ ጉባኤዎች፣ ትንንሽ የሠርግ ባንዶችና በየቤቱ የሚቀዱ ልጆች ሲጨመሩ የኤሌክትሮኒክ ድራም የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቷል።

ጆሯችንም ቢሆን ለማሽን ምት እንግዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና ሪትም ማሽኑን ይዞ ያወጣው ካሴት ከ28 ዓመት በኋላ እንደገና ታትሞ ዓለም ሰምቶታል። ሪትም ማሽን ግን የሰጡትን ነው የሚደግመው። ፓድ ላይ የሚጫወት ሰው የሚፈልገው የእጁ ለውጥ እንዲሰማ ነው። ቺክቺካ ሲመታ ጠንካራና ለስላሳ ምት ይፈራረቃል፤ ግራ እጅ በዋናዎቹ ምቶች መካከል ቆዳውን ነካ ነካ ያደርጋል። ቀስ ብለው በሚሄዱ ዘፈኖችና መዝሙሮች ደግሞ ዱላው በቆዳው ላይ ተጋድሞ ጠርዙን ይመታል፤ ክሮስ ስቲክ የሚሉት ነው። ከርካሽ ድራም ጋር የሚመጣው ባለ 8 ኢንች ስኔር ለስላሳውን ምት ይውጠዋል፤ ጠርዙን ሲመቱትም አንዴ ይሰማል አንዴ ይቀራል። ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ስኔሩን የሚቀይረው ስለዚህ ነው።

ከፓዱ ቆዳ ሥር ያለው ሴንሰር ፒዞ ይባላል፤ በቀጭን የናስ ሳህን ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ነው። አንዳንድ ማዕድናት ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ፒየርና ዣክ ኩሪ የሚባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ያገኙት በ1880 ነው። ዱላው ሲያርፍ ቆዳው ይርገበገባል፣ ፒዞው ይጎብጣል፣ በሽቦው ላይ ቅጽበታዊ ቮልቴጅ ይወጣል። ሞጁሉ የዚያን ቮልቴጅ ከፍታ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ለክቶ ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይተረጉመዋል፤ ቁጥሩም የሙዚቃ መሣሪያዎች ከሚግባቡበት፣ በ1983 ከወጣው ከሚዲ ስምምነት የመጣ ነው። ዴቭ ሲመንስ በ1981 እንግሊዝ ውስጥ ያወጣው ባለ ስድስት ጎን ድራም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ሳህኑ ጠንካራ ፕላስቲክ ስለነበር ግን የብዙ መቺዎችን የእጅ አንጓ አሳመመ። ሮላንድ የተባለው ኩባንያ ከድራም ቆዳ ሠሪው ከሬሞ ጋር ሆኖ ሜሽ የተባለውን የመረብ ቆዳ ያመጣው በ1997 ነው። ዛሬ የምንገዛቸው ስኔሮች አብዛኞቹ የዚያ ልጆች ናቸው።

አለመግባባቱ የሚጀምረው ከጠርዙ ነው፤ ሪሙ ከሚባለው። ከበሮ በአንድ አካል ላይ ሰፊና ጠባብ አፍ ይዞ ሁለት ድምፅ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ደህና ስኔር ፓድም በአንድ ገመድ ሁለት ወሬ ይልካል፤ አንዱ የቆዳውን፣ ሌላው የሪሙን። የቆዳውን በተመለከተ ኩባንያዎቹ በአብዛኛው ይስማማሉ፤ ሁሉም ፒዞ ነው። በሪሙ ላይ ግን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለሪሙም ሌላ ፒዞ ያደርግለታል። ቆዳው ሲመታ ንዝረቱ ወደ ሪሙ፣ የሪሙም ወደ ቆዳው መዝለቁ ስለማይቀር ሞጁሉ ሁለቱን ምልክቶች አወዳድሮ የትኛው እንደበለጠ ይፈርዳል። ሁለተኛው መንገድ በሪሙ ጎማ ሥር ማብሪያ ማጥፊያ ያስቀምጣል። ዱላው ጎማውን ሲጫነው ሁለት ስስ ብረቶች ይነካካሉ፣ ሞጁሉም «ይህ የሪም ምት ነው» ብሎ ያውቃል፤ የምቱን ኃይል የሚያነበው ግን ያው ከቆዳው ፒዞ ነው።

ሁለቱ ሲቀላቀሉ ቆዳው ይሠራል፣ ሪሙ ዝም ይላል። ባለ ሁለት ፒዞ ስኔር ማብሪያ ማጥፊያ በሚጠብቅ መሰኪያ ላይ ቢሰካ፣ ከሪሙ የሚመጣው ቮልቴጅ ለሞጁሉ ትርጉም የለውም። በግልባጩም እንዲሁ ነው። ገዢው ፓዱ የተበላሸ መስሎት ይመልሳል፤ ሻጩም አውጥቶ በራሱ ሞጁል ሲሞክረው ደህና ሆኖ ያገኘዋል። ጥፋቱ ከሁለቱም ዕቃ የለም።

ይህ ጠብ ለድራም ብቻ የተሰጠ አይደለም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ዕቃ ካልጋሪ ውስጥ ተቀምጧል። ኢስት ቪሌጅ በሚባለው ሠፈር፣ በ2016 በሩን የከፈተው ስቱዲዮ ቤል፣ የካናዳ ብሔራዊ የሙዚቃ ማዕከል መኖሪያ፣ ቶንቶ የተባለውን ግዙፍ ሲንተሳይዘር ይዟል። ማልኮም ሴሲልና ሮበርት ማርጉሌፍ የሠሩት፣ ስቲቪ ዎንደር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባወጣቸው አልበሞች የተጠቀመበት መሣሪያ ነው። በውስጡ የሞግ፣ የአርፕ፣ የኦበርሃይምና የሌሎችም ዕቃ ተሰባስቧል። ችግሩ ሞግ «አሁን ድምፅ አውጣ» የሚለውን ትእዛዝ ሽቦውን ከመሬት ጋር በማገናኘት ሲያስተላልፍ፣ አርፕ በቮልቴጅ ማስተላለፉ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የነበረው ይህ ልዩነት ዛሬ በስኔሩ ሪም ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ በአንድ በኩል የሚነካካ ብረት፣ በሌላ በኩል ቮልቴጅ። ሴሲል መሐንዲስ ስለነበር አግባባቸው። እኛ በአንድ ስኔር የተነሳ መሐንዲስ መሆን አይጠበቅብንም፤ መመሪያውን ማንበብ ይበቃናል።

እንግዲህ ወደ ስሞቹ። የሮላንድ ሜሽ ስኔሮች፣ ከድሮው ፒዲ-120 እስከ ፒዲኤክስ-12 ድረስ፣ ባለ ሁለት ፒዞ ናቸው፤ የኩባንያው ሞጁሎች የስኔር መሰኪያም ይህንኑ ይጠብቃል። ያው ሮላንድ ግን ፒዲ-8 በተባለው የጎማ ፓዱ ሪም ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ነው ያደረገው። ስለዚህ «ሮላንድ ለሮላንድ» የሚለው አባባል ራሱ ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ያማሃ በኤክስፒ ተከታታይ ስኔሮቹ ሦስት ቦታ ይለያል፤ ቆዳውንና ሁለት የሪም ክፍሎችን፤ የሪሞቹ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ያማሃን ለያማሃ መግዛት የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው። የያማሃ ስኔር የሮላንድ ሞጁል ላይ ቢሰካ ቆዳው እሺ ይላል፤ ቢያንስ የተከፈለበት ሦስተኛ ቦታ ግን ባክኖ ይቀራል። ርካሽ የሆኑ ሌሎች ስሞችን በተመለከተ በሳጥኑ ላይ «ከሁሉም ጋር ይሠራል» የሚለውን ጽሑፍ ማመን አያስፈልግም። የሪሙ ሴንሰር ምን እንደሆነ ካልተጻፈ ሻጩን መጠየቅ፣ ሻጩም ካላወቀ ማለፍ ነው።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ውድ በሆነው ዕቃ ላይ ነው ያለው። የሮላንድ ፒዲ-140ዲኤስ ባለ 14 ኢንች ስኔር ብዙ ሴንሰሮች አሉት፤ ዱላው ከመሐል ምን ያህል እንደራቀ ይለያል፣ እጅ ቆዳው ላይ ሲያርፍም ስለሚያውቅ ክሮስ ስቲኩን አይስተውም። ወሬውን የሚያስተላልፈው ግን በተለመደው ጃክ ሳይሆን በዩኤስቢ ገመድ ነው። እንደ ቲዲ-50 እና ቲዲ-27 ያሉ ሞጁሎች ለዚህ የተዘጋጀ መሰኪያ አላቸው። በ2018 የወጣው ቲዲ-17 የለውም፤ ከኮምፒውተር የሚያገናኘው የዩኤስቢ ቀዳዳውም ለዚህ አያገለግልም። ከአንድ ጀማሪ ሙሉ ድራም ዋጋ በላይ አውጥቶ እንዲህ ያለ ስኔር የገዛ ባለ ቲዲ-17፣ አንድም ሞጁሉን መቀየር አንድም ስኔሩን መመለስ አለበት።

ገመዱም አይናቅ። ሁለቱን ወሬ የሚሸከመው ስቴሪዮ ጃክ ነው፤ ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ይታያል። አንድ ቀለበት ብቻ ያለው የጊታር ገመድ ከተሰካ ሪሙ ይሞታል፤ ሰው ደግሞ ፓዱን ይወቅሳል። በትንንሾቹ ድራሞች ላይ ገመዶቹ ሁሉ በአንድ ወፍራም መሰኪያ ተጠቃለው ሞጁሉ ላይ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ ስኔር የሚል ምልክት ያለበትን ጫፍ መፈለግ ነው፤ ምክንያቱም የቶም መስመሮች በብዙ ርካሽ ሞጁሎች ቆዳን ብቻ ነው የሚያነቡት። አሮጌውን ስኔር ቶም ላደርገው ብሎ ያሰበም ሪሙን እንደሚያጣው ቀድሞ ይወቅ።

ስለ ስፋት ብዙ ይወራል። 12 ኢንች ለእጅ ምቹ ነው፤ 14 ከእውነተኛው ስኔር ጋር እኩል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቆዳ ድራም የሚያገለግል ሰው ልዩነቱ ይሰማዋል። ነገር ግን ትልቁ ፓድ ይከብዳል፤ ከድራሙ ቱቦ ላይ ከማንጠልጠል ይልቅ የራሱ ማቆሚያ ይሻለዋል፣ ያ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ሴንሰሩ መሐል ላይ የተቀመጠ ከሆነ በትክክል መሐሉን ሲመቱት ድምፁ ያለአግባብ ሊጮህ ይችላል፤ ሴንሰሩ ወደ ዳር የሆነ ፓድ ይህን ይቀንሳል፣ በምትኩ ምቱ ከመሐል የራቀበትን መጠን ለማንበብ አይመችም። ከቁሱ ሜሽ ከጎማ ይልቅ ጸጥ ይላል፤ የያማሃ ሲሊኮን በሁለቱ መካከል ነው። ደግሞ የታችኛውን ጎረቤት ከእንቅልፍ የሚያስነሳው ስኔር ሆኖ አያውቅም። በእንጨት ወለል በኩል የሚወርደው የእግሩ ፔዳል ነው፤ ለዚያ መፍትሔው ወፍራም ምንጣፍ እንጂ አዲስ ስኔር አይደለም።

ያገለገለ ዕቃ ካልጋሪ ውስጥ በኪጂጂ በኩል ብዙ ይሸጣል። ሻጩ ቤት ሲሄዱ የራስዎን ሞጁል፣ ስቴሪዮ ገመድና የጆሮ ማዳመጫ ይዘው ይሂዱ፤ በሻጩ ሞጁል ላይ ጥሩ መሥራቱ ለእርስዎ ምንም አያረጋግጥም። መጀመሪያ በጣም ለስላሳ ምት ከመሐል ወደ ዳር ይሞክሩ፣ ቀጥሎ ሪሙን ዙሪያውን ይምቱ፤ ከአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ ከሆነ የማብሪያ ማጥፊያው ብረት አልቋል ማለት ነው። አዲስ የሚገዛ ሰው እንደ ሎንግ ኤንድ ማክዌድ ያሉ በመላ ካናዳ ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች መሣሪያ እንደሚያከራዩ ይወቅ፤ ከመግዛት በፊት ጥቂት ቀን በራስ ሞጁል መሞከር ከማንም ምክር ይበልጣል። በጥር ብርድ መኪና ውስጥ ያደረ ፓድ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል ከነሻንጣው ትንሽ ማቆየት ነው።

ከተሰካ በኋላ ደግሞ ሞጁሉ ላይ «ትሪገር ታይፕ» የሚለውን ዝርዝር ከፍተው የፓዱን ስም ይምረጡ። አሮጌ ሞጁል አዲሱን ፓድ በስም አያውቀውም፤ በአሠራር የሚቀርበውን መምረጥ ነው፤ ለባለ ሁለት ፒዞ ሜሽ ብዙ ጊዜ ፒዲ-120 የሚለው ይሠራል። ቆዳውን በቁልፉ ዙሪያውን እኩል ያጥብቁት፤ የላላ ሜሽ አንዱን ምት ሁለት አድርጎ ያሰማል። ከዚያ ሴንሲቲቪቲውን በጣም ኃይለኛው ምትዎ ብቻ ጣሪያውን እስኪነካ ያስተካክሉ፣ ትሬሽሆልዱንም ለስላሳው ምት እስኪሰማ ድረስ ዝቅ ያድርጉት። ዝቅ ሲያደርጉት ቶሙን በመቱ ቁጥር ስኔሩ አብሮ መጮህ ከጀመረ ክሮስቶክ የሚለውን አንድ በአንድ ከፍ እያደረጉ ጩኸቱ በቆመበት ያቁሙ፤ ካለፉት ለስላሳውን ምት መልሶ ይበላዋል። የፓዱን ሳጥንና ደረሰኝ የመመለሻው ጊዜ እስኪያልፍ አይጣሉ።