ተጨማሪ መረጃ፦ በኮሪያ ጉዳይ የሚሠሩ ባለሙያዎች

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ጦር፣ በሚኤሶ በኩል ምዕራብ ሐረርጌን አቋርጦ በሚያልፈው የምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያም በኮሪያ ጦርነት ከደቡብ ኮሪያ ጎን ሊዋጋ በመርከብ በተሻገረ ጊዜ፣ በኢትዮጵያና በደቡብ ኮሪያ ሕዝቦች መካከል በደም የታተመ ኪዳን ተመሠረተ፤ ይህንንም ኪዳን በ1956 ዓ.ም. ከደቡብ ኮሪያ ጋራ የተጀመረው የዲፕሎማሲ ግንኙነት አጸናው።

ዛሬ የዚህን ኪዳን አደራ ከሚጠብቁት ባለሙያዎች መካከል፣ ዲፕሎማቱ የመንግሥቱን ቃል ሳያዛባ ያደርሳል፤ ጋዜጠኛው ወሬውን ከምንጩ አጣርቶ ለሕዝብ ያሰማል፤ ተንታኙም የነገሩን መንሥኤና ፍጻሜ ይመረምራል። ለአብነት ያህል፣ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በፓንሙንጆም የተፈረመው የተኩስ አቁም ስምምነት እንጂ የሰላም ውል ስላልሆነ፣ ጦርነቱ በውል እንደ ተዘጋ አድርጎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ያስታል። ኢትዮጵያም በ1967 ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ ጋራ ግንኙነት ስለ መሠረተች፣ ሁለቱንም ወገን በእውነተኛ ሚዛን መመዘን ለባለሙያው ግድ ነው።

ስለዚህ በገለምሶም ሆነ በጭሮ የምትማሩ፣ ይህንንም ሙያ የምትመኙ ወጣቶች ሆይ፣ ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና ልሳናትን፣ ይልቁንም የኮሪያን ቋንቋ ሀንጉል ከተባለው ፊደሉ ጀምራችሁ፣ ከወዲሁ በትጋት አጥኑ።