ከጊቤ ውሃ እስከ መንደር መብራት፤ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል መንገድ

በጉራጌ አገር የሚያስተምር መምህር ከመንደሩ ሰዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚቀርብለት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ታላቁ የኤሌክትሪክ ሽቦ በብረት ምሰሶ ተሰቅሎ ከማሳችን በላይ ያልፋል፤ ኃይሉ የሚወጣበትም የጊቤ ወንዝ ጎረቤታችን ነው፤ እኛ ግን በኩራዝ እናመሻለን፤ ይህ ስለ ምን ሆነ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ነገሩን ሁሉ አድልዎ ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ወይም በገዛ እጁ ከሽቦው ለመቀጠል ተነሥቶ ሕይወቱን ያጣል። ስለዚህ መምህራንና ማንበብ የሚችሉ ሽማግሎች ነገሩን ከሥሩ ተረድተው ለሕዝቡ እንዲያስረዱ፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ከወዴት እንደሚመጣ፤ በምን መንገድ እንደሚሄድ፤ መንገዱም ዛሬ ስለ ምን መታደስ እንዳስፈለገው ከዚህ በታች ተጽፏል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ኃይሉ ምንጭ

በብዙ የዓለም መንግሥታት ኤሌክትሪክ የሚሠራው የድንጋይ ከሰል፤ ነዳጅ ዘይት ወይም የተፈጥሮ ጋዝ በማቃጠል ነው። ከዚህ ቃጠሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል በዐይን የማይታይ አየር ይወጣል። ይህ አየር ሲበዛ ከምድር ወደ ላይ የሚወጣውን ሙቀት እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያስቀረዋል፤ ምድርም ከዓመት ወደ ዓመት ትሞቃለች፤ ዝናቡም ወራቱን ይስታል። ስለዚህ እነዚያ መንግሥታት ከሰሉን ለመተውና ወደ ውሃ፤ ወደ ነፋስና ወደ ፀሐይ ለመዞር እየደከሙ ነው። ኢትዮጵያ ግን በዚህ ነገር ቀድማለች። በዋናው መሥመር የሚሄደው ኃይሏ ከሞላ ጐደል ሁሉም ከውሃና ከነፋስ የሚገኝ ነውና።

የአዋሽ ወንዝ በቆቃ ተገድቦ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሚሰጠው ኃይል 43 ሜጋዋት ነበር። አንድ ሜጋዋት ማለት አንድ ሚሊዮን ዋት ነው። ከዚያ በኋላ የጊቤ ውሃ ተራውን አገኘ። ግልገል ጊቤ አንደኛ በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋዋት፤ ግልገል ጊቤ ሁለተኛ በ2002 ዓ.ም. 420 ሜጋዋት እንዲሰጡ ሆነው ተሠሩ። ሁለተኛው የራሱ ታላቅ ግድብ የለውም፤ ከአንደኛው የተለቀቀውን ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራ በፈለፈለ ዋሻ ተቀብሎ እንደ ገና ያሠራዋል። ቀጥሎም በኦሞ ወንዝ ላይ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ጊቤ ሦስተኛ ተሠርቶ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኃይሉም 1870 ሜጋዋት ነው። በመጨረሻም በዓባይ ላይ የተሠራው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ልኩም 5150 ሜጋዋት ነው። ከቆቃ ጋር ቢተያይ ከመቶ ዐሥር እጥፍ በላይ ይሆናል።

እንግዲህ ጉድለቱ ከምንጩ እንዳይደለ ከዚህ ይታወቃል። ኃይሉ አለ፤ ንጹሕም ነው። የሚቀረው ከምንጩ ወደ ቤት የሚያደርሰው መንገድ ነው።

ስለ ሽቦው መንገድ

ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲሄድ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ በመንገድ ይጠፋል። ይህ ጥፋት እንዲቀንስ ሊቃውንት ያገኙት ብልሃት ግፊቱን ከፍ ማድረግ ነው፤ የግፊቱም መለኪያ ቮልት ይባላል። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን፤ ለዚያው ኃይል በሽቦው ውስጥ የሚሄደው ፍሰት ወደ እኩሌታ ይወርዳል፤ በሙቀት የሚጠፋው ግን ወደ አራተኛ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ ከግድብ የሚነሣው ኃይል ትራንስፎርመር በሚባል መሣሪያ ግፊቱ ከፍ ተደርጎ፤ በረጃጅም የብረት ምሰሶ ላይ ይጓዛል። ከግልገል ጊቤ ሁለተኛ ወደ ሰበታ የተዘረጋው መሥመር 400 ሺህ ቮልት ነው፤ ከሕዳሴው ግድብ የሚመጣውም 500 ሺህ ቮልት ነው።

በቤት ውስጥ ያለው አምፑል ግን የሚችለው 220 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ከታላቁ ሽቦ ልቀጥል ቢል፤ ከገደል የሚወረወረውን ፏፏቴ በሸክላ ጽዋ ልቅዳ እንደሚል ሰው ነው፤ ጽዋውም ይሰበራል፤ ቀጂውም ይጠፋል። ኃይሉ ለቤት እንዲሆን በደረጃ መውረድ አለበት። በመጀመሪያ በታላቅ ማከፋፈያ ጣቢያ ከ400 ሺህ ወደ 132 ሺህ ቮልት ይወርዳል፤ ቀጥሎ በሌላ ጣቢያ ወደ 33 ሺህ ወይም ወደ 15 ሺህ ይወርዳል፤ በመጨረሻም በመንደሩ ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ትንሽ ትራንስፎርመር ወደ 220 ይደርሳል። እያንዳንዱ ደረጃ ብዙ ገንዘብ፤ ከውጭ አገር የሚገዛ ዕቃና የሠለጠነ ሠራተኛ ይጠይቃል። ሽቦው ከማሳ በላይ እያለፈ መንደሩ በጨለማ የሚቀርበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ከላይኛው መንገድ ወደ መንደር የሚያወርደው ደረጃ ገና አልተሠራም።

ለጉራጌ ሰው የመንገድን ነገር ማስረዳት አያስቸግርም። በ1950ዎቹ ዓመታት የጉራጌ ተወላጆች ገንዘባቸውን አዋጥተው ለአገራቸው የመኪና መንገድ እንዲወጣ ደክመዋል። ታላቁ አውራ ጎዳና ብቻውን ለገበሬው እንደማይጠቅመው፤ ከጎዳናው እስከ ደጁ የሚያደርስ መጋቢ መንገድ እንደሚያስፈልገው በሥራ አይተውታል። የኤሌክትሪክም ነገር እንዲሁ ነው። 400 ሺህ ቮልቱ አውራ ጎዳናው፤ 15 ሺህ ቮልቱ መጋቢ መንገዱ፤ 220 ቮልቱ የደጃፍ መንገዱ ነው።

ስለ ሚዛኑ

ቀድሞ በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች መብራት የሚሰጠው ለየከተማው የተተከለ የናፍጣ መኪና ነበር። ነዳጁ ሲያልቅ ወይም መኪናው ሲሰበር ከተማው ይጨልማል። ዛሬ ወልቂጤና ቡታጅራ ኃይል የሚያገኙት አገር ሁሉ ከተያያዘበት ከአንዱ ዋና መሥመር ነው። አንዱ ግድብ ቢታመም ሌላው ይረዳዋል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ።

ይህ መያያዝ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኤሌክትሪክ በሽቦው ውስጥ እንደ እህል በጐተራ አይከማችም፤ የሚሠራውና የሚበላው በየቅጽበቱ እኩል መሆን አለበት። በመላው አገር ያሉ መኪናዎች ሁሉ ባንድ ልክ ይዞራሉ፤ ፍሰቱም በአንድ ሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ማታ ሕዝቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ መብራትና ምጣድ ሲለኩስ ሸክሙ ይበዛል፤ መኪናዎቹም እንደ ደከመ በሬ ፍጥነታቸው ይቀንሳል። ያን ጊዜ ተጨማሪ ውሃ ካልተለቀቀ፤ መሣሪያዎቹ እንዳይሰበሩ መጠበቂያዎች መሥመሩን ይቈርጡታል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ባለው መቆጣጠሪያ የተቀመጡ ሠራተኞች ቀንና ሌሊት ሚዛኑን ይጠብቃሉ።

የሸክሙን መጠን ለማወቅ አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ የዛሬው ቈጣቢ አምፑል ግን 10 ዋት ይበቃዋል። እንግዲህ አንድ ምጣድ የ350 አምፑል ሸክም አለው ማለት ነው። ለመብራት ብቻ ታስቦ በተሰቀለ ትንሽ ትራንስፎርመር ላይ የመንደሩ ቤቶች ሁሉ ምጣድ ቢጨምሩ፤ ትራንስፎርመሩ ግሎ ይቃጠላል። ነገር ግን ሴቶችና ልጆች ከማገዶ ለቀማና ከጢስ እንዲያርፉ፤ ደኑም እንዲተርፍ ምጣዱ አስፈላጊ ነው። እንግዲህ ምጣዱን በመከልከል ሳይሆን ሽቦውን በማወፈርና ትራንስፎርመሩን በማሳደግ ነገሩ ይቃናል። መሥመሩ ይታደስ የሚባለው በአንድ ወገን ይህ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ የተበላሸውን ክፍል ለብቻው ለይተው ሌላው እንዳይጨልም የሚያደርጉ መሣሪያዎችን፤ የደከመውን የእንጨት ምሰሶ በኮንክሪት መለወጥን፤ የተበላውን በትክክል የሚያሳይ ቆጣሪን ይመለከታል። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ከሁለት ሲከፈል፤ ኃይል ማመንጨትና በታላቁ መሥመር ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፤ ለቤትና ለሱቅ ማከፋፈል ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል። አቤቱታ የሚጽፍ ሽማግሌ ይህን ልዩነት ቢያውቅ ደብዳቤው ወደሚገባው ስፍራ ይደርስለታል።

ስለ ነፋስና ስለ ፀሐይ

ኃይሉ ሁሉ ከውሃ ሲሆን ድርቅ ያሰጋዋል። በ2001 ዓ.ም. የግድቦቹ ውሃ ጐድሎ መብራት በፈረቃ ይሰጥ እንደ ነበረ ብዙዎች ያስታውሱታል። ለዚህ መድኃኒቱ ምንጩን ማብዛት ነው። በአዳማ በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋዋት፤ በትግራይ በአሸጎዳ በ2006 ዓ.ም. 120 ሜጋዋት፤ እንደ ገና በአዳማ በ2007 ዓ.ም. 153 ሜጋዋት የሚሰጡ የነፋስ መዘውሮች ተተክለዋል። በኢትዮጵያ ነፋሱ የሚበረታው ዝናብ በሌለበት በበጋ ነው። ስለዚህ ነፋስና ውሃ እንደ ተስማሙ ወንድማማች ናቸው፤ ነፋሱ ሲነፍስ ውሃው በግድቡ ይጠራቀማል፤ ነፋሱ ሲያርፍ ውሃው ይለቀቃል። ነገር ግን የነፋስ አመጣጥ እንደ ሰው ፈቃድ ስላልሆነ፤ ከሩቅ ስፍራ ቶሎ የሚያቀባብል ብርቱ መሥመርና ንቁ መቆጣጠሪያ ከሌለ ይህ መረዳዳት አይሆንም።

ከዋናው መሥመር እጅግ ርቀው በየገደሉ ለተበተኑ ቤቶች ደግሞ የፀሐይ ሰሌዳ ይሻላል። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት ባወጣው ዕቅድ፤ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ከሕዝቡ 65 ከመቶ በዋናው መሥመር፤ 35 ከመቶ በፀሐይና በመሳሰለው መብራት እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ቀኑ ደርሶ አልፏል፤ ከሕዝቡ ወደ እኩሌታ የሚጠጋው ግን ገና መብራት አላገኘም።

ብዙ ሰው «እኛ በጨለማ ሳለን ስለ ምን ለውጭ አገር ይሸጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ 1045 ኪሎ ሜትር መሥመር ተዘርግቶ፤ ሽያጩ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ተጀምሯል። የማከፋፈያው ደረጃ ባልተሠራበት መንደር ያልተሸጠው ኃይል ሊገባ አይችልም፤ የሽያጩ ገንዘብ ግን ሽቦና ትራንስፎርመር ከውጭ ለመግዛት የሚያስፈልገውን ምንዛሪ ያስገኛል። ገንዘቡ በውነት ለመንደር መሥመር እንዲውል መጠየቅ ግን የሕዝብ መብት ነው፤ የሽማግሎችም ወግ ነው።

ስለ መንደሩ ድርሻ

ከወልቂጤ አጠገብ የሚያልፈው ዋቤ ውሃውን ወደ ኦሞ ያፈስሳል፤ ኦሞም ወደ ጊቤ ሦስተኛ ይገባል። በምዕራብ ጉራጌ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ስለዚህ የሚያርፈው በግድቡ ሆድ ውስጥ ነው። ደለል ሲበዛ የውሃው ስፍራ ይጠባል፤ ኃይሉም ይቀንሳል። እርከን የሠራና እንሰቱን በተዳፋቱ የጠበቀ ገበሬ ማሳውንም መብራቱንም ይጠብቃል። በቡታጅራ በኩል ደግሞ ከዘቢዳር ተራራ በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ውሃ በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይሄዳል እንጂ ወደ ጊቤ አይደርስም። ቡታጅራ በጊቤ ወይም በዓባይ ውሃ ብታበራ፤ ይህ የተያያዘው ሽቦ ሥራ ነው።

በጉራጌ መንደር መካከል የሚያልፈው ሰፊው የሣር ጎዳና ጀፎረ ይባላል። ማንም ወደ ጀፎረ አጥሩን አይገፋም፤ የሚደፍርም ቢኖር ሽማግሎች በቂጫው ሥርዓት ይዳኙታል። የኤሌክትሪክ መሥመርም የራሱ ጀፎረ አለው። ከሽቦው በታችና በግራ ቀኙ ቤት አይሠራም፤ ባሕር ዛፍም አይተከልም። ባሕር ዛፍ ለጉራጌ ገበሬ ገንዘብ ነው፤ ግንዱም ራሱ ምሰሶ ሆኖ ሽቦ ይሸከማል፤ ነገር ግን ከመሥመሩ አጠገብ ሲያድግ ነፋስ ባዘነበለው ቁጥር ከተማውን ያጨልማል። የምሰሶውን ብረትና ብሎን የሚፈታም ሰው፤ የሰረቀው ጥቂት ብረት ቢመስለውም፤ የብዙ ሺህ ሰው መብራት ነው። ሽማግሎች ለጀፎረ ያወጡትን ፍርድ ለዚህም ቢያውሉት ዘበኛ ከማቆም ይበልጣል።

መምህራን ለተማሪዎች እነዚህን ማስጠንቀቂያዎች ደጋግመው ይንገሩ። የወደቀ ሽቦ በእጅም በእንጨትም አይነካም፤ ምሰሶ ላይ አይወጣም፤ ከሽቦ አጠገብ ረጅም ዘንግ አይነሣም፤ ፈቃድ በሌለው ቅጥያ መብራት አይገባም። አደጋ ያየ ልጅ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ሌላውን ይመልስ፤ ለትልቅ ሰው ይንገር።

መብራት ያልደረሰበት መንደር ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅ። ሽማግሎቹ ተሰብስበው የቤቱን ቍጥር፤ የትምህርት ቤቱን፤ የጤና ጣቢያውን፤ የወፍጮውንና የውሃ ጕድጓዱን ዝርዝር በጽሑፍ ያሰናዱ፤ በቅርብ ያለው 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት መሥመር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ይመልከቱ፤ ምሰሶው የሚያልፍበትንም ስፍራ ያለ ክርክር የሚለቁ መሆናቸውን በፊርማ ያረጋግጡ። ይህን ይዞ የሚቀርብ መንደር ጥያቄው ሊመረመር የሚችል ይሆናል። መምህሩም የዝርዝሩን ግልባጭ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ያስቀምጥ፤ መሥሪያ ቤቱ መልስ ባዘገየ ጊዜ ሽማግሎቹ ቀኑንና ቍጥሩን ጠቅሰው እንደ ገና ይጻፉ።