ለዕረፍት ወደ ሐይቅ ዳር ስለ መውረድና ከወባ ስለ መጠንቀቅ

ሰው ሥራ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ዕረፍትም ያስፈልገዋል። ዓመቱን ሙሉ በአራዳና በፒያሳ ገበያና መሥሪያ ቤት፥ በመኪና ጢስና በሰው ግፊያ መካከል ሲደክም የኖረ ሰው ጥቂት ቀን ከውሃ ዳር ቢሰነብት እንቅልፉ ይስተካከላል፤ አሳቡ ይረጋጋል፤ ወደ ሥራውም በአዲስ ጉልበት ይመለሳል። ይህ ልማድ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው ስፍራውን ስለ ወደዱት ቤት አሠሩበት፤ አዲስ አበባም የተቆረቆረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቀድሞ አቅም ያለው ሰው የባሕር አየር ሲፈልግ እስከ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ግን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ የከተማችን ሰው ለዕረፍት የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሐይቆቻችን ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር፥ ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር፥ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ።

ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚለወጠው ርቀቱ ብቻ አይደለም፤ ከፍታውም ይለወጣል። ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ስትሆን ሐዋሳ 1700፥ ላንጋኖ ደግሞ 1600 ሜትር ያህል ናቸው። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2000 ሜትር በታች ነው። ብርድ በጸናበት ደጋ የወባው ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል አይመቸውም፤ በሞቃት ስፍራ ግን በሁለት ሳምንት ገደማ ለመተላለፍ ይደርሳል። በደጋ የሚኖር ሰው ሰውነትም ይህን በሽታ አልለመደውምና ሲያገኘው ይጠናበታል። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወባ ወደ ከፍተኛ ስፍራዎች በተዛመተ ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ይገመታል።

ይህን የምንጽፈው ሰው ከዕረፍቱ እንዲቀር አይደለም፤ ተጠንቅቆ እንዲያርፍ ነው። ስለዚህ ወደ ሐይቅ ዳር የሚወርድ ሁሉ የሚከተለውን ይጠብቅ።

1ኛ/ ወራቱን ይወቅ። ወባ የሚበረታው ከክረምት በኋላ፥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፥ ከበልግ ዝናብ በኋላም በሚያዝያና በግንቦት ይነሣል። የመስቀል በዓል የሚውለው በዚሁ ጊዜ መሆኑ አይዘንጋ። ከመሄዱም አስቀድሞ ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ይጠይቅ፤ ይልቁንም እርጉዝ ሴትና ሕፃን ይዞ የሚሄድ።

2ኛ/ ሌሊቱን ይጠበቅ። የወባ ትንኝ በብዛት የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እጀ ረጅም ልብስ መልበስ፥ በገላ ላይ ትንኝ የሚያባርር ቅባት መቀባት፥ መድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ተኝቶ ጫፉን ከፍራሹ ሥር መወተፍ ያስፈልጋል።

3ኛ/ ውሃውን ይወቅ። በሐዋሳ፥ በዝዋይና በጣና ሐይቆች ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ይገኛል። ተውሳኩ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ውሃ ውስጥ በገባ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ ሣርና ደንገል በበዛበት ዳር አይታጠቡ፤ በሐይቁም አጠገብ አይጸዳዱ፤ በሽታው ወደ ውሃው የሚደርሰው ከሰው ዐይነ ምድርና ሽንት ነውና። የላንጋኖ ውሃ ደግሞ መልኩ ቡናማ ስለ ሆነ የሰጠመ ልጅ ከላይ አይታይም፤ ልጆች ያለ ጠባቂ አይግቡ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከተመለሱ በኋላ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። ለምሳሌ አንድ የአራዳ ነዋሪ ከላንጋኖ በተመለሰ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ራሱን ቢያመው፥ ቢያንቀጠቅጠውና ቢያተኩሰው፥ «የፒያሳ ብርድ መታኝ» ብሎ ዝንጅብል በማር ጠጥቶ ይተኛ ይሆናል። በከተማው ወባ ብዙ ስለማይታይ ቤተሰቡም ስለ ወባ አያስብም። ነገር ግን ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዐይነት ብዙውን ጊዜ ከነደፈበት ከሰባተኛው ቀን በኋላ እስከ አንድ ወር ድረስ ይነሣል፤ ሕክምናው ከዘገየም በጥቂት ቀን ውስጥ አንጎልን ጎድቶ ይገድላል። ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል።

ስለዚህ ከሐይቅ ዳር የተመለሰ ሰው ትኩሳት በተሰማው ዕለት፥ ሌሊቱን ሳያሳድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ደሙን ያስመርምር። ለሐኪሙም «በዚህ ቀን ከዚህ ሐይቅ ዳር አድሬ ነበር» ብሎ ይንገር፤ ይህች አንዲት ቃል ብዙ ጊዜ ሕይወት ታድናለች። ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን መዋጥ በሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። የታዘዘለትንም መድኃኒት፥ ትኩሳቱ ቢበርድም፥ ሳያቋርጥ ይጨርስ።

ዕረፍት የሚጠቅመው ጤናን ሲጨምር ነው። ሐይቁን አይተን፥ ነፋሱን ተቀብለን፥ ከነጤናችን ወደ ቤታችን እንመለስ።