ኪልሞር፦ ቤተ ክርስቲያን ወይስ ጫካ?

እስቲ የአየርላንድን ካርታ ክፈቱ። ኪልሞር የሚባሉ ብዙ ቦታዎች ታገኛላችሁ። ስሙ ምን ማለት ነው? መልሱ እንደየቦታው ይለያያል።

በአገሬው ቋንቋ፣ በአይሪሽ ጌሊክ፣ “ኪል” ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ “ኩዊል” የሚጠጋው ቃል ደግሞ ጫካ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም “ኪል” ሆነው ቀሩ። “ሞር” ትልቅ ማለት ስለሆነ፣ አንዱ ኪልሞር “ትልቅ ቤተ ክርስቲያን”፣ ሌላው “ትልቅ ጫካ” ሊሆን ይችላል። እኔ የተማርኩት ምሕንድስና ነው፤ በእኛ ሙያ ይሄ የመረጃ መጥፋት ይባላል። ሁለት የተለያዩ ግብዓቶች አንድ ውጤት ከሰጡ፣ ውጤቱን ብቻ ይዞ ወደኋላ መመለስ አይቻልም።

ታዲያ በምን እንለያቸዋለን? በመዝገብ ነው። ከ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የብሪታንያ ወታደራዊ ቀያሾች ለመሬት ግብር ሲባል አየርላንድን በዝርዝር ቀየሱ። በካርታቸው ላይ 1 ሴንቲሜትር በመሬት ላይ 106 ሜትር ገደማ ነበር። በ1830 ጆን ኦዶኖቫን የተባለ የአይሪሽ ቋንቋ ሊቅ ሥራውን ተቀላቀለ። ከአውራጃ አውራጃ እየዞረ፣ የአገሬው ሰዎች ስሙን እንዴት እንደሚጠሩት በጆሮው ሰማ፤ ከጥንታዊ ጽሑፎችም ጋር አመሳከረ። በካርታው ላይ የወጣው የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ነው። የአይሪሹ ስም ግን በስም መዝገቡ ውስጥ ተቀመጠ።

ጊዜውን ልብ በሉ! ካርታዎቹ ታትመው ያለቁት በ1846 ነው። ከ1845 እስከ 1852 በነበረው ታላቁ ረሃብ ወደ 1 ሚሊዮን ሰው ሞተ፤ ከዚያ የሚበልጥ ተሰደደ። ክፉኛ የተጎዱት አይሪሽ የሚነገርባቸው ድሃ አካባቢዎች ነበሩ። ጥያቄው አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ዘግይቶ ቢሆን፣ ብዙዎቹ መላሾች በቦታቸው አይገኙም ነበር።

እነዚህ ስሞች ዛሬም ይሠራሉ። “ዲረ” የኦክ ዛፍ ጫካ ነው፤ የደሪ ከተማ ስም የመጣው ከዚህ ነው። ይህን ቃል የያዙ ስሞችን በሙሉ ካርታ ላይ ብትነጥቡ፣ ዛፎቹ ከተቆረጡ በኋላም የድሮው ጫካ የት የት እንደነበር ፍንጭ ታገኛላችሁ።

እናንተም የቦታ ስም ስትመዘግቡ አምስት ነገር አትርሱ፦ የተናጋሪውን ድምፅ፣ ስሙን በራሱ ቋንቋ፣ ትርጉሙን፣ ማን መቼ እንደነገራችሁ፣ ትክክለኛ ቦታውን። ሁለት አዛውንቶች የተለያየ ትርጉም ከነገሯችሁ ደግሞ ሁለቱንም ጻፉ። አንዱን የጣላችሁ ዕለት እኮ ሌላ ኪልሞር ፈጠራችሁ ማለት ነው።