የከተማ ቦታና ፕላን ውሳኔ በማን እጅ ነው?

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዲባል፣ በጉደር ከተማ ሱቅ ወይም መጋዘን ለመሥራት ያሰበ ነጋዴ የቆርቆሮና የስሚንቶ ዋጋ ከመጠየቁ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ሱቁ በሚቆምበት ቦታ ላይ የሚወስነው ማን እንደ ሆነ ነው። ጉደር ከአምቦ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በነቀምቴ መንገድ ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ የመንገዱ ወርድ በጥቂት ሜትር ቢሰፋ ወይም የገበያው ሜዳ ቢዛወር፣ ለዓመታት የተደከመበት ሱቅ ደንበኛውን፣ አንዳንድ ጊዜም ግድግዳውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የውሳኔው ሥልጣን በከተማው ነዋሪ እጅ ነው ወይስ ከሩቅ ባለው መሥሪያ ቤት እጅ የሚለው ጥያቄ ለነጋዴው የኪሳራና የትርፍ ጥያቄ ነው።

ያለፈው ሥርዓት

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 በከተማ ምክር ቤቶች ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያላቸው ነዋሪዎች የሚመርጧቸው አባሎች እንዲኖሩ ፈቅዶ ነበር። ይሁን እንጂ የበላይ ተቆጣጣሪው የአገር ግዛት ሚኒስቴር ስለ ነበረ፣ የከተማው ድምፅ ከምክር እምብዛም አያልፍም ነበር። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለአውራጃዎች የራስ አስተዳደር ለመስጠት ትእዛዝ ቁጥር 43 ቢወጣም፣ አስፈላጊውን ማጽደቂያ ከፓርላማ ሳያገኝ ቀረ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን ሁሉ የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ የቤቶቹን አስተዳደር ለሁለት ተከፈለ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርሰው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ለተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላለፉ። ስለዚህ ብዛት ያላቸው ትንንሽ ቤቶች በአካባቢው እጅ ሲቀሩ፣ ከፍ ያለ ገቢ የሚያስገኙት ወደ ማዕከል ሄዱ። ቀበሌዎቹ ከሚሰበስቡት አነስተኛ ኪራይ ለጥገና የሚተርፍ በቂ ገንዘብ ስላልነበራቸው ብዙዎቹ ቤቶች አረጁ። ከዚህ የምንረዳው ገንዘብ ያልተከተለው ሥልጣን ለአካባቢው ሸክም እንጂ ጥቅም እንደማይሆን ነው።

አንድ ቦታ፣ ብዙ ባለሥልጣን

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። በአንቀጽ 51 ስለ መሬት አጠቃቀም ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሲሰጥ፣ በአንቀጽ 52 ደግሞ በዚያው ሕግ መሠረት መሬትን የማስተዳደርን ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። ከዚህም ሌላ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛዎቹ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጣቸው ያዛል።

የዚህ ድልድል ውጤት በሊዝ ሕግ ጎልቶ ይታያል። በ1986፣ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጆች በተከታታይ የወጡት ከማዕከላዊው መንግሥት ነው። የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 ለንግድ የሚሰጥ ቦታ የሊዝ ዘመኑ በአዲስ አበባ 60 ዓመት፣ በሌሎች ከተሞች 70 ዓመት እንዲሆን ወስኖ ነበር። ቦታውን ለጨረታ የሚያቀርበው፣ ውል የሚዋዋለውና የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ግን በክልሉ ሥር ያለው የከተማ አስተዳደር ነው። በመሆኑም ነጋዴው የሚያገኘው የከተማውን ሹም ብቻ ሲሆን፣ ከሹሙ በስተ ጀርባ የክልሉ ደንብና የፌዴራሉ አዋጅ አሉ።

በዚሁ መንገድ የደረሰው

ይህ የሥልጣን ድልድል በግልጽ የተፈተነው የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ የልማት ፕላን፣ በተለምዶ ማስተር ፕላን የተባለው፣ በተነሣ ጊዜ ነው። አዘጋጆቹ ዋና ከተማዋና እንደ ቡራዩ፣ ሆለታና ሰበታ ያሉት ከተሞች በመንገድ፣ በውሃና በኢንዱስትሪ የተሳሰሩ ስለ ሆኑ በአንድነት ሊታቀዱ ይገባል ይሉ ነበር። ይህ አሳብ በራሱ ምክንያት አልነበረውም አይባልም፤ መንገድና የውሃ ቧንቧ በአስተዳደር ወሰን ላይ ተቆርጠው አይቀሩምና። ገበሬዎችና የከተሞቹ ነዋሪዎች ግን ፕላኑ ሳንጠየቅ ተዘጋጀ፣ ከመሬታችን ያፈናቅለናል፣ የክልሉንም ሥልጣን ይነካል ብለው ተቃወሙ።

አምቦና ጉደር በልዩ ዞኑ ውስጥ ባይሆኑም፣ ቡራዩና ሆለታ በዚሁ በምዕራቡ መንገድ ላይ በመሆናቸው ነገሩ እንደ ሩቅ ወሬ አልተሰማም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ተቃውሞ ወደ ከተማውና ወደ ጉደር ተዛመተ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የትምህርት ቤት ሜዳና የደን መሬት ለሌላ ጥቅም ሊሰጥ ነው በሚል እንደገና የተነሣው ተቃውሞ በመላው ኦሮሚያ ሲስፋፋ፣ በጥር ወር ፕላኑ መቅረቱ ተነገረ። የጠፋውን ሕይወት የሚተካ ነገር የለም። በንግድ በኩልም መንገድ ሲዘጋ እህል ከገበያ ይቀራል፣ ሸቀጥ በመጋዘን ይቆያል፣ ብድር ያለበትም ሰው ወለድ ይቆጠርበታል።

ሥልጣን ከፌዴራል ወደ ክልል መውረዱ ብቻውን ነገሩን አይፈታም። የኦሮሚያ ክልል በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች አዋሕዶ ሸገር ከተማን ባቋቋመ ጊዜ የብዙ ሰዎች ቤት ስለ ፈረሰ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አፈጻጸሙን ነቅፏል። ውሳኔው ከአዲስ አበባም ይምጣ ከክልሉ፣ ነዋሪው ቀድሞ ካልተጠየቀ ጉዳቱ ያው ነው።

በሌላ በኩል ሁሉንም ለአካባቢው መተው የራሱ ጉድለት አለው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ከተሞች በየራሳቸው ደንብ አዲስ ቤት እንዳይሠራ ሲከለክሉ ኖረው የቤት ዋጋ ከመጠን በላይ ስለ ናረ፣ ግዛቱ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2021 ብዙ ከተሞች አንድ ቤት ብቻ በሚፈቅዱበት ቦታ ሁለት መኖሪያ እንዲሠራ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ቀድሞ በቦታው የተቀመጠ ሰው ገና ለሚመጣው ላያስብ ይችላልና ነው።

ለነጋዴው የሚጠቅም ምክር

ከላይ ከተዘረዘረው የሚወጣው ትምህርት ይህ ነው፤ ዋና መንገድን፣ ውሃንና የወሰን ጉዳይን የበላዩ መንግሥት ሊያስተካክል ይገባል፤ የገበያ ሜዳን፣ የሱቅ መደዳንና የመኖሪያ ሠፈርን ግን በስፍራው የሚኖረው ሰው ያውቀዋልና ድምፁ ሊሰማ ይገባል።

ስለዚህ ቦታ የሚገዛ፣ የሚከራይ ወይም በመያዣ የሚቀበል ነጋዴ በመጀመሪያ ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ለምን አገልግሎት እንደ ተመደበና የመንገዱ ወርድ ስንት እንደ ሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ፕላኑ መቼ እንደ ጸደቀና መቼ እንደሚከለስ ይመርምር፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ለመዋቅራዊ ፕላን የሰጠው ዘመን 10 ዓመት ነበርና። ሦስተኛ፣ የሊዝና የካሳ ሕጎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ በውሉ ቀን የሚሠራበትን ሕግ ይወቅ። አራተኛ፣ ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ በሚቀርብበት ስብሰባ ላይ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ይገኝ፤ አስተያየቱም በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብለት ያድርግ።

ሱቁን ዘግቶ ለግማሽ ቀን በስብሰባ መቀመጥ ገበያ ማጣት ይመስላል። ነገር ግን ፕላን በወረቀት ላይ ሳለ በእርሳስ ይታረማል፤ ግድግዳ ከቆመ በኋላ የሚታረመው በማፍረስ ነው።